ከመስኮት የምትነሳው መኪና

የናፍጣ ጭስ ሲሸተው አፍንጫውን የማይሸፍን ሰው ከራሴ በቀር አላውቅም። ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን ግቢ አንድ ሰው ፎቅ ላይ ሆኖ መኪናውን በሪሞት አስነሳ። ሾፌር የሌላት መኪና በጠዋቱ ብርድ ብቻዋን ስታጓራ ጭሷ እስከ እኔ ደረሰ። ባልደረቦቼ እየሳሉ ሸሹ፣ እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ምነው ደነገጥሽ ሲሉኝ ምንም አይደለም አልኳቸው። ሱሉልታን፣ ያን የማስተር ፕላን ዓመትና ኦቦ ቶላን በአሳንሰር በር ላይ ቆሜ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

ሱሉልታ የገባነው የአዲስ አበባ ኪራይ አላስቀምጥ ሲለን ነው። ቤታችን ገና ያልተለሰነ ብሎኬት፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነበር፤ በሩም ሰው እንጂ መኪና አያስገባም። አባዬ አዲስ አበባ ፊዚክስ ያስተምራል፣ እማዬ ደግሞ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ከአያቴ የወረስናት አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነበረችን። እሷ የምታድረው ከመንገዱ ማዶ ኦቦ ቶላ ግቢ ነው። ኦቦ ቶላ የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው፤ በግቢያቸው ላሞቹ በአንድ በኩል፣ የእኛ መኪና በሌላ በኩል ያድራሉ። አባዬን "ባርሲሳ" ይሉታል፣ መምህር ማለታቸው ነው። እኔንም እማዬንም ደግሞ "ኢንተላ ኮ" ይሉናል፣ ልጄ ለማለት። ሁለታችንንም እኩል ልጄ ማለታቸው እኔን ከፍ፣ እማዬን ዝቅ የሚያደርግ ስለሚመስለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ የውሃ ባልዲ ላይ ስስ መስታወት ይጋገራል። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ከብርድ የባሰ ጠላት የለም። ሞተሩን ከውስጥ የሚያሞቀው ካንዴሌታ እስኪግል ትጠብቃለህ፣ ቁልፉን ትጠመዝዛለህ፣ ትለምናለህ። የኦቦ ቶላ ግቢ ተዳፋት ነው፣ የመኪናችን የእጅ ፍሬን ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ አባዬ እንደ ሰፈሩ ባለመኪና ሁሉ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከቷት፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ ቁልፉን ነቅሎ ይወጣል። እጁ ይህን የሚያደርገው ሳያስብ ነበር።

ከማስተር ፕላኑ ዓመት በፊት በነበረው ዓመት እማዬን ምጥ የያዛት ጎህ ሲቀድ ነው። መኪናዋ አልነሳም አለች። አባዬ ቁልፉን ሲጠመዝዝ፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ፣ ጎረቤት ወጥቶ ሲገፋ ረፈደ። ሆስፒታል የደረሱት ዘግይተው ነው። ወንድሜ ሳያለቅስ ተወለደ፣ ሳያለቅስም ሄደ። ክርስትና ስላልተነሳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልተቀበረም። ኦቦ ቶላ ከማሳቸው ጥግ ቦታ ሰጡና እሳቸውና አባዬ ሁለቱ ብቻ ሆነው እዚያ ቀበሩት።

ይህን አሁን አወራለሁ እንጂ ያኔ አላውቅም ነበር። ለእኔ የእማዬ እህት የነገረችኝ ሌላ ነው። ሕፃኑ ደካማ ስለሆነ ሐኪሞቹ ጋ ነው፣ ሲጠነክር ይመጣል አለችኝ። እንዳላለቅስ ብላ ነው፣ አልፈርድባትም። ግን ከዚያ በኋላ ያን ቃል ማንም አላስተካከለልኝም፣ እኔም ማመኔን ቀጠልኩ። ልጅ ምን ያውቃል የሚሉ ሰዎች ዛሬም ያናድዱኛል። ልጅ የሚያውቀው የነገሩትን ነው።

እማዬ እንደገና ስታረግዝ አባዬ ዝምተኛ ሆነ። ማታ ማታ መስኮቱ ጋ ቆሞ ማዶ ያለችውን መኪና ያያል። አንድ ቀን ዱባይ የምትሠራ እህቱ የላከችለትን ካርቶን ይዞ ገባ። ውስጡ አንድ ጥቁር ሳጥን፣ ቀለሙ ብዙ የሆነ የሽቦ ጥቅልና ሁለት ትንንሽ ሪሞቶች ነበሩ። እማዬ መካኒክ ጋ ውሰደው ብትለው፣ ፀጉሬ ያለቀው ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ነው፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም አላት። ምን ሊሠራልን እንደሆነ ስጠይቀው አጠገቡ አስቀመጠኝና፣

"ቤት ሆነን እናስነሳታለን። እኛ እስክንወጣ ሞቃ ትጠብቀናለች፣ ሆስፒታል ስንሄድ አንዘገይም" አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። ወንድሜን ልናመጣው ነው።

ሥራው ብዙ እሑዶች ፈጀ። አባዬ ጀርባው ላይ ተኝቶ ራሱን ከመሪው ሥር ይከታል፣ እግሮቹ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ይቀራሉ። እማዬ ሆዷን አቅፋ በርጩማ ላይ ትቀመጥና የመመሪያውን ወረቀት ታነብለታለች። በእንግሊዝኛ ከእሱ ትሻላለች፣ እሷም ይህን ሳታስታውሰው አታልፍም። የወረቀቱ እንግሊዝኛ ግን እንግሊዝኛ መሆኑን ራሱ የማያውቅ ዓይነት ስለነበር፣ አንድ መስመር ላይ ቆመው ይከራከራሉ። ቢጫው ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ ይሄዳል ትለዋለች። እዚህ ሁለት ቢጫ አለ ይላታል። እንግዲህ የፊዚክስ መምህሩ አንተ ነህ ትለዋለች። እኔ ከላሞቹ ግርግም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ያን ዓመት ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ፍሬን ሲረግጥ ጥሩንባው ጮኸና ላሞቹ አጥር ሰብረው ወጡ። ኦቦ ቶላ ቁጣም ሳቅም ሳያሳዩ ተከትለዋቸው ሄዱ፣ ሰብስበው ተመለሱና ባርሲሳ፣ ላሞቼን ደግሞ በምን ታስነሳቸዋለህ አሉት። ሌላ ቀን ሽቦ ነደደና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። አባዬ ወጥቶ ሣር ላይ ተቀመጠ። እማዬ ወረቀቱን አስቀምጣ ጀርባውን አሻሸችለት።

ወደ ማለቂያው ላይ እማዬ አንድ ቦታ ደርሳ ማንበቧን አቆመች። እንደገና አነበበች። ወረቀቱ የሚለው፣ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እያለች ከተነሳች ትዘላለች ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ ማሽኑ እንዳይሠራ የሚያደርግ አንድ ሽቦ አለ፣ እሱን አያይዙ ይላል። የእኛ መኪና ደግሞ የእጅ ፍሬን የላትም። አባዬ ያን ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረው፤ ማሽኑ ሁልጊዜ ፍሬን ተይዟል ብሎ እንዲያምን ነው። እማዬን ደስ አላላትም። ከዛሬ ጀምሮ በዜሮ ማርሽ እንጂ በአንደኛ እንዳታቆማት ማልልኝ አለችው፣ እሱም ማለላት። ባንድ ድንጋይ ፈንታ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ተመረጡ። እማዬ በቀይ ስክሪብቶ "ዜሮ" ብላ በትልቁ ጻፈችና በሚጣበቅ ናስትሮ መሪው ፊት ለፊት ለጠፈችው።

መጀመሪያ ከመስኮት ያስነሳት ቀን ሦስታችንም በፒጃማ ነበርን። አባዬ ሪሞቱን ወደ ማዶ ዘርግቶ ተጫነ። ትንሽ ቆየችና፣ ካንዴሌታው እስኪግል ነው፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጓርታ ተነሳች። አባዬ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። እማዬ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተመስገን አለች። ማዶ ኦቦ ቶላ ላም ሊያልቡ ወጥተው ነበርና ወደ ጋቢናው አጎንብሰው አዩ፣ ዞረው በሌላው በኩል አዩ፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት ቀና ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ኦቦ ቶላ ፊት ለፊቷ ቆመው ሁለቱንም መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። እጃቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ስለነበር ሙቀቱን ወደዱት። ከማስነሳታችን በፊት ቀድመው ቆመው የሚጠብቁበትም ቀን ነበር። "አካም ቡልቴ?" ይሏታል፣ እንዴት አደርሽ እንደማለት ነው፣ ለመኪናዋ። እኔ ትመልስላቸው ይመስል ጆሮዬን አቆም ነበር።

አዲስ አበባን ወደ እኛ ሜዳ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ሰው ነው ብዬ አስብ የነበረው በዚያው ሰሞን ነው። ሁሉም ሊመጣ ነው፣ መጣብን፣ ይቅር እያለ ያወራ ስለነበር፣ ኮት የለበሰ ረጅም ሰውዬ እንጦጦን ተሻግሮ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ሜዳው ላይ ችካል የሚተክሉትን የእሱ ሠራተኞች አደረግኋቸው። ኦቦ ቶላ ከማሳቸው ላይ ችካሉን ነቅለው ማገዶ ያደርጉታል። ከሌላው ይልቅ ወንድሜ ባለበት ጥግ የተተከለውን ደጋግመው ይነቅሉት እንደነበር አባዬ የነገረኝ ኋላ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ሱቆች ቀኑን ሙሉ ተቆልፈው ዋሉ። ጎማ ሲቃጠል ሰማዩ ላይ ጥቁር ዓምድ ይቆማል፣ ተኩስ ሲሰማ እማዬ ከመስኮቱ ታርቀኛለች። አንድ ቀን የኦቦ ቶላን የመጨረሻ ልጅ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት። የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪን ሌላ ትምህርት ቤት የሚወስዱት መስሎኝ መቼ ነው የሚመለሰው ብዬ ጠየቅኋቸው። ኦቦ ቶላ ጎንበስ ብለው አዩኝ። በማግሥቱም ግን ጠዋት መኪናዋ ጋ ቆመው ነበር።

የሥራ ባልደረቦቹ አባዬን መኪናህን ከዚያ አውጣት፣ እዚያ ሰፈር የማን ግቢ ውስጥ እንደምታሳድራት ታውቃለህ ወይ አሉት። እማዬ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። እዚህ ከመጣን እጁን የዘረጋልን ሰው ማን ሆነና ነው አለች። አባዬም መኪናዋን የትም አልወሰደም። እማዬ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ አዲስ አበባ እህቷ ቤት ሄዳ ልትቆይ ተስማሙ። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ፣ ነገ ዛሬ ሲሉ፣ ምጡ ከታሰበው ቀደመ።

በዋዜማው አባዬ ከሥራ ሲመለስ ዋናው መንገድ ላይ እሳት ነበር። በእርሻው መካከል በሚያልፈው ጥርጊያ ተሽሎክልኮ ኦቦ ቶላ ግቢ ገባ። ተኩሱ ቅርብ ነበር። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ስጠብቀው አይቶኛል፣ ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። ወደ እኔ ከመሮጡ በፊት ግን እጁ የለመደውን አድርጎ ነበር፤ አንደኛ ማርሽ፣ አንድ ድንጋይ፣ ቁልፍ። "ዜሮ" የሚለው ወረቀት ፊት ለፊቱ ተለጥፎ ነበር።

ጎህ ሲቀድ እማዬ ጠራችው። ድምፅዋን ሰምቼ ነቃሁ። አባዬ ሪሞቱን ከመስኮቱ ደፍ አንስቶ ተጫነና ልብሷን ሊያቀብላት ዞረ። እኔ ቀኑ መድረሱ ገብቶኝ ሳጥኔን ከፈትኩ፣ ያጠረኝን ሹራቤን አወጣሁ። ወንድሜ እስካሁን አድጓል፣ ብርድ ነው፣ የሚለብሰው ያስፈልገዋል።

የጠበቅነው የተለመደውን ጉርምርምታ ነበር። መኪናዋ ግን ዘለለች። ጎማ ድንጋይ ሲመታ ሰማን፣ ከዚያ ዝም አለች። ያ ማሽን ሞተሩ ካልተነሳ ራሱ ደግሞ እንዲሞክር ተደርጎ የተሠራ ነው። አባዬ ምንም ሳይነካ እንደገና ዘለለች፣ ወዲያው የሰው ጩኸት ሰማን።

አባዬ በካልሲው ሮጠ። ተከትዬው ስደርስ ኦቦ ቶላ ከመኪናዋ ፊት ባለው ብረት፣ በፓራውልቱና በግርግሙ ድንጋይ መካከል ነበሩ። ሙቀቱን ሊጠብቁ ፊት ለፊቷ ቆመው ነው ያገኘቻቸው። አባዬ ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናዋን በትከሻው ወደ ኋላ ገፋት፣ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። ኦቦ ቶላ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ እግራቸው ከጉልበቱ በታች ወደማይዞርበት ዞሮ ነበር፣ ሱሪያቸውም በደም ርሷል። አባዬ ተንበርክኮ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቀረ። እሳቸው ግን የሚያዩት በአባዬ ትከሻ በኩል መንገዱን ነበር። እማዬ አጥሩን ይዛ፣ ወገቧን ይዛ፣ እየቆመች እየሄደች ትመጣለች።

"ባርሲሳ፣ ተነሳ። ኢንተላ ኮ ምጥ ላይ ናት" አሉት።

ኦቦ ቶላን ከፊት አስቀመጥናቸው፣ እኔና እማዬ ከኋላ ሆንን። አባዬ በካልሲው እንደሆነ አስነስቶ ነዳ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል፣ ወጣቶች በዱላ ቆመዋል። መኪናችንን ከበቧት። ኦቦ ቶላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ራሳቸውን አወጡና በኦሮምኛ ተናገሩ። ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ መንገድ ልቀቁ አሏቸው። ከመካከላቸው አንዱ ደሙን አየና ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት ብሎ አባዬ ላይ አፈጠጠ። ከሠፈር ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኳት ኦሮምኛ ነበረችኝና መልሱን ሰማሁ። በሬዬ ነው የረገጠኝ አሉት። አባዬ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኦቦ ቶላ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጫኑ። እኔ ሽማግሌው ከሕመሙ የተነሳ የተሳሳቱ መስሎኝ፣ በሬ አይደለም ልል ስል እማዬ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ምጧ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ወጣቶቹ ግንዱን አንከባለሉልን። አንዱ ነጠላ ጫማውን እያንጓጓ ከፊታችን ሮጦ ቀጥሎ ያሉትን እንዲያሳልፉን ጮኸላቸው።

ዳገቱ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። ለእነሱ ኦቦ ቶላ በአማርኛ ነገሯቸው፣ ከግርግም ላይ ወደቅሁ አሉ። ልጃቸውን የወሰዱት እንደዚህ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ወታደሩ እማዬን በመስታወቱ አይቶ እለፉ አለ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሁለት አልጋ መጣ። እማዬን በግራ በኩል፣ ኦቦ ቶላን በቀኝ በኩል ይዘዋቸው ሊሄዱ ሆነ። አባዬ መካከል ላይ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ እማዬ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። እንደዚያ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። እማዬ ከአልጋው ላይ ቀና አለች።

"ከእሳቸው ጋር ሂድ" አለችው። "እኔ ጋ አያስገቡህም። እሳቸው እዚህ ሰው የላቸውም።"

ሄደ። እኔን አንዲት ጽዳት ሠራተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሹራቡን ጭኔ ላይ አድርጌ የግራውን በር ማየት ጀመርኩ። ከዚያ በር ሁለት እንደሚወጡ እርግጠኛ ነበርኩ፣ አዲሱም የቀድሞውም። የቀድሞው በእግሩ ይራመዳል ወይስ ይዘውት ይመጣሉ፣ እኔን ያውቀኛል ወይ፣ እያልኩ አስብ ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል አንዲት ነርስ ወጥታ የአባዬን ስም ጠራች፣ እሱም ከቀኙ በኩል ሮጦ መጣ። ወንድ ነው፣ ደኅና ነው፣ እናቱም ደኅና ናት አለች። ከውስጥ ያለማቋረጥ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ እማዬ ሳይሆን ወደ ኦቦ ቶላ ክፍል ወሰደኝ።

ኦቦ ቶላ እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ተኝተዋል። አባዬ ወንድ ነው አላቸው፣ እያለቀሰ ነው አላቸው። ኦቦ ቶላ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ምስጋና አደረሱ። አባዬ አልጋው ሥር ተንበረከከና ደኅና የሆነውን እግራቸውን ያዘ። ማርሹን የተውኩት እኔ ነኝ፣ ምዬ ነበር፣ ለሐኪሙም ለፖሊስም እውነቱን እናገራለሁ እያለ ቃላቱ ይደነቃቀፉበት ጀመር። ኦቦ ቶላ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ባርሲሳ፣ ያን የመጀመሪያውን ልጅ ማሳዬ ላይ ቀብረን ስንመለስ፣ በማን ጥፋት ሞተ ብዬ ጠይቄህ ነበር?"

"አልጠየቁኝም።"

"እንግዲያው ስለ እግሬም አትንገረኝ።"

አባዬ ግንባሩን ፍራሹ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀብረን ያሉትን ሰምቻለሁ፣ መሬት ውስጥ ምን እንደሚቀበርም አውቃለሁ። ግን አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ መምህር ናቸው፣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ፣ ስለዚህ ጠየቅሁ።

"ሁለተኛውን መቼ ነው የሚያመጡት?"

አባዬ ዞረ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የያዝኩትን ሹራብ አየ። የምለው ነገር ከየት እንደመጣ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። የእማዬን እህት አልወቀሰም፣ ሲጠነክር ይመጣልም አላለኝም። በጉልበቱ እንደተንበረከከ ወደ እኔ መጣና ሁለቱንም እጆቼን ያዘ።

"አንድ ነው፣ ሚሚዬ" አለኝ። "ይዘን የምንመለሰው አንዱን ብቻ ነው።"

አላለቀስኩም። የት ላይ መቆም እንዳለብኝ ግን ጠፋኝ። ኦቦ ቶላ ጥርሳቸውን ነክሰው ያን የታሰረ እግራቸውን በእጃቸው ወደ ዳር ገፉት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፣ እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ።